የሪቻርድ ሦስተኛ ስም እንደገና ሲመረመር፦ ስለ አንድ የተወገዘ ንጉሥ የጉዳይ ጥናት

## ጉዳዩን መመዝገብ ለምን አስፈለገ

ከእንግሊዝ የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት መካከል እንደ ሪቻርድ ሦስተኛ ስሙ የጠፋ ንጉሥ ማግኘት ያስቸግራል። በዙፋን ላይ የቆየው ሁለት ዓመት ከሁለት ወር እንኳ ላልሞላ ጊዜ ነው። ሆኖም ከሞተ በኋላ ባሉት አምስት መቶ ዓመታት ውስጥ የወንድሙን ልጆች ያስገደለ፣ ሚስቱን የመረዘ፣ ጀርባው የጎበጠና ክንዱ የሰለለ አረመኔ ተደርጎ በመድረክም በመማሪያ መጻሕፍትም ሲቀርብ ኖሯል። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ደግሞ ይህን ሁሉ ጠላቶቹ የፈጠሩት ነው የሚሉ ተሟጋቾች ተነሡ። በ2012 አጽሙ በሌስተር ከተማ ከአንድ የመኪና ማቆሚያ ሥር ሲገኝ፣ ለረጅም ጊዜ በብራናና በመጽሐፍ ብቻ ሲካሄድ የነበረው ክርክር ወደ ቤተ ሙከራ ገባ።

ይህ ጽሑፍ ንጉሡ ደግ ነበር ወይስ ክፉ ለሚለው ጥያቄ ብይን ለመስጠት የተዘጋጀ አይደለም። የተዘጋጀው የአንድን ሰው ስም እንደገና የመመርመር ሥራ የት ላይ እንደሚሳካና የት ላይ እንደሚከሽፍ በግልጽ ስለሚያሳይ ነው። በዘመናችን በሥራው የተሳተፉት ሰዎች ስማቸው አልተጠቀሰም፤ የ15ኛውና የ16ኛው መቶ ዘመን ሰዎች ግን ያለ ስማቸው ታሪኩን መከተል ስለማይቻል ተጠርተዋል። ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## ዳራ፦ የ1483 ሦስት ወራት

ንጉሥ ኤድዋርድ አራተኛ ኤፕሪል 9 ቀን 1483 ሲሞት ዕድሜው ገና 40 ነበር። የተቀበረውም ለኢትዮጵያ አንባቢ በልዑል ዓለማየሁ መቃብር በሚታወቀው በዊንዘር የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው። ዙፋኑ የተላለፈው ለ12 ዓመት ልጁ ለኤድዋርድ አምስተኛ ሲሆን፣ ታናሽየው ሪቻርድ፣ የዮርክ መስፍን፣ 9 ዓመቱ ነበር። የሟቹ ንጉሥ ወንድም፣ የግሎስተር መስፍን ሪቻርድ፣ ሰሜን እንግሊዝን ለዓመታት በታማኝነት ሲያስተዳድር የቆየ ሰው በመሆኑ የሕፃኑ ንጉሥ እንደራሴ እንዲሆን የሚጠበቀው እሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በፍጥነት ተከታትሎ ሆነ። ሕፃኑ ንጉሥ ወደ ለንደን በመጓዝ ላይ ሳለ አጎቱ በመንገድ ላይ አግኝቶት አጃቢዎቹን፣ ከእነሱም ውስጥ የእናቱን ወንድም ሪቨርስን፣ አሰረ። ይህን የሰማችው ንግሥት ኤልሳቤጥ ዉድቪል ታናሹን ልጇንና ሴቶች ልጆቿን ይዛ ወደ ዌስትሚንስተር ገዳም ገብታ ተማጸነች። ጁን 13 ቀን የሟቹ ንጉሥ የቅርብ ወዳጅ የነበረው ሎርድ ሄስቲንግስ በለንደን ግንብ ውስጥ ከምክር ቤት ስብሰባ መሀል ተይዞ ያለ ፍርድ አንገቱ ተቀላ። ከሦስት ቀን በኋላ ታናሹ ልዑል ከተማጸነበት ወጥቶ በግንቡ ውስጥ ከነበረው ከወንድሙ ጋር ተቀላቀለ። ጁን 22 ቀን ሕፃናቱ ለመንገሥ እንደማይበቁ የሚገልጽ ስብከት በለንደን አደባባይ ተሰበከ፤ ምክንያቱም አባታቸው እናታቸውን ከማግባቱ በፊት ኤሊኖር በትለር ለተባለች ሴት የጋብቻ ቃል ሰጥቶ ስለነበር ሁለተኛው ጋብቻ ፈራሽ፣ ልጆቹም ከሕግ ውጭ የተወለዱ ናቸው የሚል ነው። ሪቨርስ ጁን 25 ቀን ተገደለ፤ ሪቻርድ በማግስቱ ሥልጣኑን ያዘና ጁላይ 6 ቀን ዘውድ ጫነ።

ሁለቱ ልጆች በዚያው በጋ ከሰው ዓይን ተሰወሩ። በኦክቶበር በባኪንግሃም መስፍን ስም የሚታወቀው ዐመፅ ተነሥቶ ከሸፈ። የንጉሡ አንድ ልጅ በኤፕሪል 1484፣ ንግሥቲቱ አን ኔቪል በማርች 1485 ሞቱ። ኦገስት 22 ቀን 1485 ሪቻርድ በቦስዎርዝ ጦር ሜዳ፣ ከእሱ በኋላ ሄንሪ ሰባተኛ ተብሎ በነገሠው በሄንሪ ቱዶር ሠራዊት ተሸንፎ በ32 ዓመቱ ወደቀ። አስከሬኑ ራቁቱን በፈረስ ተጭኖ ወደ ሌስተር ተወሰደና ለሕዝብ ከታየ በኋላ በፍራንሲስካውያን ገዳም ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

## ችግሩ፦ ብዙ የሚመስሉ ጥቂት ምስክሮች

ስለ ሪቻርድ ክፋት የሚመሰክሩት ጽሑፎች ሲቆጠሩ ብዙ ናቸው፤ የምንጫቸው መነሻ ሲፈለግ ግን ቁጥራቸው በጣም ይቀንሳል። ሼክስፒር በ1590ዎቹ መጀመሪያ ለመድረክ የጻፈው ከሆሊንሼድ ዜና መዋዕል ነው፤ ሆሊንሼድ ከሆል ወሰደ፤ ሆል ደግሞ ከፖሊዶር ቨርጂልና ከቶማስ ሞር ቀዳ። ቨርጂል እንግሊዝ የገባው ሪቻርድ ከሞተ ከዐሥራ ሰባት ዓመት በኋላ ሲሆን፣ ታሪኩን እንዲጽፍ ያበረታታው ራሱ ድል አድራጊው ሄንሪ ሰባተኛ ነው። ሞር በ1483 የአምስት ዓመት ልጅ ነበር፤ በወጣትነቱ ያደገውም ሄስቲንግስ በተገደለበት ቀን ሪቻርድ ባሰረውና በኋላ የሄንሪ ዋና አማካሪ በሆነው በጆን ሞርተን ቤት ነው። አምስት ስሞች ተሰልፈው ሲታዩ አምስት ምስክር ይመስላሉ፤ ነገር ግን አብዛኛው ክስ የመጣው ከሁለት ሰዎችና ለእነሱ ከነገሯቸው ሰዎች ነው።

የሞር ጽሑፍ እንዴት መነበብ እንዳለበት ለማወቅ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሩ ይበቃል። ኤድዋርድ አራተኛ የሞተው በ53 ዓመት ከ7 ወር ከ6 ቀኑ ነው ይላል። እስከ ቀኑ ድረስ የተቆጠረው ይህ ዕድሜ በዐሥራ ሦስት ዓመት የተሳሳተ ነው። ሞር ውሸታም ነበር ለማለት አይደለም፤ ጽሑፉን ሳይጨርሰው ተወው፣ በሕይወቱም አላሳተመው። ሆኖም በቁጥር የተሞላ ዝርዝር ሁልጊዜ የእውነት ማስረጃ እንደማይሆን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት አይቻልም።

በጣም የሚያስተዛዝበው ግን ጆን ራውስ የተባለው የዎሪክ ካህን ነው። ራውስ ሪቻርድ በሕይወት ሳለ ባዘጋጀው የዎሪክ መሳፍንት የትውልድ ጥቅልል ላይ ንጉሡን ሕዝቡን የሚጨቁኑትን የሚቀጣ፣ በሀብታምም በድኻም የተወደደ መልካም ጌታ ብሎ አመሰገነው። ከቦስዎርዝ በኋላ በእጁ የቀረውን የላቲን ቅጂ ውዳሴውን አውጥቶ አስተካከለው፤ የእንግሊዝኛው ቅጂ ግን ከእጁ ወጥቶ ስለነበር ምስጋናው እንዳለ ቀረ። ከዚያ ለሄንሪ ሰባተኛ ባበረከተው ታሪክ ውስጥ ያው ንጉሥ በእናቱ ማሕፀን ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ ጥርስ አብቅሎና ጸጉሩ ትከሻው ላይ ደርሶ ተወለደ ብሎ ጻፈ። ሁለቱም ጽሑፎች ዛሬ አሉ፤ አንድ ሰው መንግሥት ሲለወጥ ብዕሩን እንዴት እንዳዞረ ጎን ለጎን ማንበብ ይቻላል።

አዲሱ መንግሥት በሕግም ዘመተ። ሄንሪ ዘመነ መንግሥቱን ከጦርነቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ከኦገስት 21 አስቆጠረ፤ በዚህም በማግስቱ ለዘውድ ለጫነው ንጉሣቸው የተዋጉት ሁሉ ከሓዲ ሆኑ። ኤልሳቤጥን፣ የተሰወሩትን ልዑላን እኅት፣ ሊያገባ ስላሰበ፣ የኤድዋርድን ልጆች ሁሉ ከሕግ ውጭ የተወለዱ ያደረገው የ1484 የፓርላማ አዋጅ ሳይነበብ እንዲሻር፣ ቅጂዎቹም ተሰብስበው እንዲጠፉ አዘዘ። በዚያው ጊዜ በሪቻርድ ላይ የወጣው የውግዘት ሕግ ‹‹የሕፃናት ደም ማፍሰስ›› የሚል ሐረግ በሌሎች ክሶች መካከል ጣል አድርጎ አለፈ እንጂ የሁለቱን ልዑላን ስም አልጠራም። ድል አድራጊው ጠላቱን በዓለም ፊት ሊከስበት የሚችለው ትልቁ ወንጀል በእጁ ሳለ ለምን በስም እንዳልጠራው እስካሁን ያከራክራል።

## የተወሰዱ እርምጃዎች

### በጽሑፍ መሟገት

የመጀመሪያው ተሟጋች ጆርጅ ባክ የተባለ የቤተ መንግሥት ሹም ነው፤ በ1619 የጻፈው መከላከያ ከሞተ በኋላ በ1646 ተቆራርጦ ታተመ። በዚያ ዘመን እንዲጠፋ ከታዘዘው አዋጅ አንድ ቅጂ ከጥፋት ተርፎ ስለተገኘ የዙፋኑ ክርክር ምን እንደነበረ ከራሱ ከሰነዱ ማንበብ ተቻለ። በ1768 ሆራስ ዋልፖል ክሶቹን አንድ በአንድ እያነሣ ጥርጣሬውን አሳተመ። የፈረንሳይ አብዮት ከደረሰ በኋላ ግን፣ ሰዎች ለሥልጣን ሲሉ ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ ዓይቻለሁ በሚል መንፈስ ጥርጣሬውን አለዘበ። በ1924 የንጉሡን ስም ለማደስ የቆመ ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1951 የታተመ አንድ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ደግሞ ጉዳዩን ታሪክ በማያነቡ ሰዎች ቤት ሁሉ አስገባው።

እነዚህ ሙግቶች አንድ የጋራ ድክመት ነበራቸው፤ እንደ ጠበቃ የተጻፉ ናቸው። የተከሳሹን ጥሩ ሥራ ይሰበስባሉ፣ የከሳሹን ጥቅም ያጋልጣሉ፣ ከዚያም ‹‹ስለዚህ ነጻ ነው›› ይላሉ።

### ወደ መዛግብት መመለስ

ከዚህ የተሻለው እርምጃ የቱዶርን ዘመን ጸሐፊዎች ወደ ጎን ትቶ ንጉሡ በሕይወት ሳለ የተጻፈውን መፈለግ ነበር። የ1484ቱ ፓርላማ ሕጎች እንደገና ተነበቡ። ነገሥታት በ‹‹ስጦታ›› ስም ከባለጸጎች በግድ የሚሰበስቡት ገንዘብ እንዲቀር ተደርጓል፤ በጥርጣሬ የታሰረ ሰው በዋስ እንዲለቀቅ ዳኞች ሥልጣን አግኝተዋል፤ ሳይፈረድበት ንብረቱ እንዳይወረስ ተከልክሏል፤ በውጭ ነጋዴዎች ላይ ከተጣለው ገደብ መጽሐፍ አስመጪዎችና አታሚዎች ነጻ ሆነዋል። በዚሁ ዓመት የተቋቋመው የሰሜን ምክር ቤት ከንጉሡ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ሠርቷል። የዮርክ ከተማ ሹማምንትም ጦርነቱ በተደረገ ማግስት በመዝገባቸው ላይ፣ በእኛ ላይ በምሕረት ይነግሥ የነበረው ንጉሥ ሪቻርድ በታላቅ ክሕደት በግፍ ተገደለ፣ ለዚህችም ከተማ ታላቅ ሐዘን ሆነ ብለው ጻፉ። አዲሱ ንጉሥ ሊያነበው እንደሚችል እያወቁ ነው የጻፉት።

ነገር ግን መዛግብቱ ለአንድ ወገን ብቻ አልሠሩም። በ1934 በፈረንሳይ ሊል ከተማ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ዶሚኒኮ ማንቺኒ የተባለ ጣሊያናዊ የጻፈው ዘገባ ተገኘ። ማንቺኒ በ1483 ለንደን ውስጥ ነበር፤ ዘውዱ እንደተጫነ አገሩን ለቆ፣ የጻፈውን በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ጨረሰ። ቱዶሮች ገና ዙፋን ላይ አልወጡም፤ ስለዚህ እነሱን ለማስደሰት ጻፈ ሊባል አይችልም። የእሱ ሪቻርድ ግን ዙፋኑን በስሌት የነጠቀ ሰው ነው። ልጆቹ ከሄስቲንግስ ሞት በኋላ ወደ ግንቡ ውስጠኛ ክፍሎች እንደተወሰዱ፣ ከመስኮቱና ከፍርግርጉ በስተኋላ ከቀን ወደ ቀን እየተመናመነ ይታይ የነበረው መልካቸው በመጨረሻ ፈጽሞ እንደጠፋ፣ ሐኪሙም ትልቁ ልጅ ሞት እንደቀረበበት አምኖ በየዕለቱ ንስሐ ይገባ ነበር ብሎ እንደነገረው ይተርካል። የልጁ ስም ሲነሣ እንባ ያወጡ ሰዎችን ማየቱንም ይጨምራል። ከዚያ ግን፣ ልጁ ተገድሎ እንደሆነና በምን ዓይነት አሟሟት እንደሞተ ለማወቅ አልቻልኩም ብሎ ያቆማል። ከዚያ ዘመን ጸሐፊዎች ሁሉ በእኔ ዘንድ ከፍተኛውን አመኔታ የሚያገኘው ይህ ማቆም ነው።

### ሥዕሎቹ

ንጉሡ በሕይወት ሳለ የተሣለ ሥዕል አልተረፈም፤ ያሉት ከሞተ በኋላ የተሠሩ ቅጂዎች ናቸው። በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ስብስብ ውስጥ ያለው የታወቀው ሥዕል በኤክስሬይ ሲታይ አንዱ ትከሻ በኋላ ከፍ ተደርጎ እንደተቀባ፣ ዓይኖቹም ጠባብ እንዲሆኑ እንደተነኩ ታወቀ። ተሟጋቾቹ በዚህ ተደሰቱ፤ ከዚህም ተነሥተው የአካል ጉድለቱ በሙሉ ፈጠራ ነው ወደሚል መደምደሚያ ዘለሉ። ይህ ዝላይ በኋላ ዋጋ አስከፍሏቸዋል።

### ቁፋሮው

ገዳሙ በ1538 ከተዘጋ በኋላ ፈርሷል፤ አስከሬኑ ተቆፍሮ ሶር ወንዝ ውስጥ ተጣለ የሚል ወሬም ለዘመናት ጸንቶ ቆይቷል፣ በድልድዩ አጠገብ እንኳ ይህን የሚል የድንጋይ ጽሑፍ ነበር። ይሁን እንጂ በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የገዳሙን ቦታ የገዛ የከተማው ሹም በአትክልቱ ውስጥ የንጉሡን መቃብር የሚያመለክት ዐምድ አቁሞ እንደነበረ አንድ ጎብኚ መዝግቧል። የድሮ ካርታዎችን ከአሁኑ መንገድ ጋር ያስተያዩ ተመራማሪዎች የቤተ ክርስቲያኑ መቅደስ በማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት የመኪና ማቆሚያ ሥር ሊሆን እንደሚችል ገመቱ። የማኅበሩ አባላት ገንዘብ አዋጡ፤ የከተማው ምክር ቤት ቦታውን ፈቀደ፤ የሌስተር ዩኒቨርሲቲ የአርኪኦሎጂ ክፍል ሥራውን ያዘ።

እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው፣ ባለሙያዎቹ ለራሳቸው ያስቀመጡት ግብ ንጉሡን ማግኘት አለመሆኑ ነው። የጠየቁት በደረጃ ነበር፤ የገዳሙ ፍርስራሽ አለን? ከተገኘ ቤተ ክርስቲያኑ የት ነው? መቅደሱስ? አጽሙን ማግኘት እንደ ሩቅ ዕድል ብቻ ተቀመጠ። ኦገስት 25 ቀን 2012 የመጀመሪያው ቦይ ሲቆፈር በዚያው ዕለት የሰው እግር አጥንት ብቅ አለ፤ ሆኖም ቦታው መቅደሱ መሆኑ በሌሎቹ ቦዮች እስኪረጋገጥ ድረስ ሸፍነውት ቆዩ። ኋላ ሲከፈት መቃብሩ ለሰውየው ያጠረ፣ ሬሳ ሣጥን የሌለው፣ ራሱ ወደ ላይ ቀና ብሎ ከግድግዳው ጋር የተጣበቀበት፣ በችኮላ የተቆፈረ ጉድጓድ ሆኖ ተገኘ። እግሮቹ ከቁርጭምጭሚት በታች በኋላ ዘመን ግንባታ ተቆርጠው ጠፍተዋል። የጀርባው አጥንት ግን እንዳለ ነበር፤ ወደ ጎን እንደ ቀስት ተጣምሟል።

## የተሳካው

ማንነቱን ለማረጋገጥ አንድ ማስረጃ ላይ አልተደገፉም። የካርቦን መለኪያው ዘመኑን ከ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ እስከ 16ኛው አጋማሽ አካባቢ አስቀመጠ። የአጥንቱ ዕድሜ ከ32 ዓመት ጋር ይስማማል። በእናት መስመር ብቻ የሚተላለፈው የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ከንጉሡ እኅት ከአን ወገን በሁለት የተለያየ የትውልድ ሐረግ ከወረዱ ሁለት ሰዎች ዲኤንኤ ጋር ገጠመ። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2013 ዩኒቨርሲቲው አጽሙ የሪቻርድ ሦስተኛ መሆኑ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ መረጋገጡን አስታወቀ፤ በ2014 የታተመው ጥናትም ማስረጃዎቹን አንድ ላይ ደምሮ የእሱ የመሆን ዕድሉ ከ99.9 በመቶ እንደሚበልጥ አሳየ።

የአባት መስመር ግን አልገጠመም። ከሪቻርድ የአባት ወገን ቅድመ አያቶች አንዱ ከሆነው ከንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛ በአባት ወርደዋል ተብለው የሚታመኑ ዘመዶች የዋይ ክሮሞሶም ከአጽሙ ጋር ተለያየ፤ ይህም በመካከሉ ባሉት ትውልዶች ቢያንስ አንዱ አባት ተብሎ የተመዘገበው ሰው አባት እንዳልነበረ ያመለክታል። የወንድሙን ልጆች ከሕግ ውጭ የተወለዱ ናቸው ብሎ የነገሠው ሰው አጽም ይህን ማውጣቱ ፈገግ ያሰኛል፤ ነገር ግን መቋረጡ የት ላይ እንደደረሰ ስለማይታወቅ የማንንም ንግሥና አይሽርም።

አጽሙ ስለ አካሉ ሲነገር የኖረውን ክርክር በሚያስደንቅ ሁኔታ ፈታው። ንጉሡ ስኮሊዮሲስ የሚባል የአከርካሪ መጣመም ነበረበት፤ የጀመረውም ዐሥር ዓመት ካለፈው በኋላ ሳይሆን አይቀርም። ጎባጣ አልነበረም፤ አከርካሪው የተጣመመው ወደ ጎን እንጂ ወደ ፊት አይደለም፤ በደንብ የተሰፋ ልብስ ወይም ጥሩር ሊሸፍነው ይችል ነበር። የሰለለ ክንድም አልነበረውም፤ ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። ቀኝ ትከሻው ከግራው ከፍ ያለ መሆን አለበት። ስለዚህ የመድረኩ ጉብታና ክንድ ወደቁ፤ ‹‹ምንም ጉድለት አልነበረበትም›› ያሉት ተሟጋቾችም አብረው ወደቁ፤ ትከሻው እኩል አይደለም ብሎ የጻፈው፣ በሁለት ዓመት እርግዝና ያሾፍንበት ራውስ ደግሞ በዚህች ነጥብ ትክክል ሆኖ ተገኘ።

አሟሟቱም እንዲሁ። በአጽሙ ላይ በሞቱ ሰዓት የደረሱ 11 ቁስሎች ተቆጥረዋል፤ 9ኙ በራስ ቅሉ ላይ ናቸው፤ ከኋላ በኩል ከታች የደረሱት ሁለቱ እያንዳንዳቸው ሊገድሉ የሚችሉ ነበሩ። የራስ ቁሩ ወልቆ ነበር ማለት ነው። በዳሌው በኩል ዘልቆ የገባው ደግሞ ጥሩር በለበሰ ሰው ላይ ሊደርስ የማይችል ስለሆነ፣ አስከሬኑ ራቁቱን በፈረስ ተጭኖ ሳለ ለማዋረድ የተወጋ ይመስላል። ለሄንሪ የጻፈው ቨርጂል እንኳ ሪቻርድ በጠላት መሀል በጀግንነት እየተዋጋ ወደቀ ብሎ ነበር፤ አጥንቱ ከዚህ ጋር ይስማማል።

ከተሳካው ውስጥ አጥንት ሳያስፈልገው በመዝገብ ብቻ የተፈታም አለ። በተውኔት ሪቻርድ በ1455ቱ የሴንት ኦልባንስ ጦርነት አንድ መስፍን ይገድላል፤ በዚያን ቀን ሦስት ዓመት አልሞላውም። ወንድሙን ክላረንስን አስገደለ ይባላል፤ ክላረንስ የሞተው በኤድዋርድ አራተኛ ክስና በፓርላማ ፍርድ ነው። ሚስቱን መረዘ የሚለው ወሬ ምንም ማስረጃ አልተገኘለትም፤ የወንድሙን ልጅ ሊያገባ ነው የሚለውን ወሬ ግን ራሱ በማርች 1485 መጨረሻ በለንደን ሰዎች ፊት ቆሞ ማስተባበል ነበረበት፤ ንጉሥን ያህል ሰው ለዚህ መውረዱ ሐሜቱ በሕይወቱ ሳለ ምን ያህል እንደበረታ ያሳያል።

## ያልተሳካው

ከሁሉ የከፋው ክስ እንደነበረ አለ። የሁለቱን ልዑላን ዕጣ የሌስተር አጽም ሊናገር አይችልም፤ የተጠየቀውም ይህ አልነበረም። ሆኖም ከግኝቱ በኋላ በነበረው ስሜት ውስጥ ብዙ ሰዎች ከአጥንቱ ላይ የተሠራውን ለስላሳ የፊት ቅርጽ ተመልክተው የጨካኝ ፊት አይደለም አሉ። ፊትን አይቶ ጠባይን መፍረድ ማለት ቱዶሮች በትከሻው ላይ ያደረጉትን በግልባጩ መድገም ነው።

የተሟጋቾቹ ዋና መላ ምት፣ ማለትም ክፉ ስሙ በሙሉ ከቦስዎርዝ በኋላ በቱዶሮች የተፈጠረ ነው የሚለውም አልቆመም። ማንቺኒ በ1483 ጽፏል። በጃንዋሪ 1484 የፈረንሳይ መንግሥት ዋና ጸሐፊ በቱር በተደረገ ጉባኤ ሪቻርድ የወንድሙን ልጆች ገደለ ብሎ በአደባባይ ተናግሯል። ፈረንሳይ ጠላት አገር መሆኗ እውነት ነው፤ ወሬው ግን ሄንሪ ከመንገሡ በፊት ተሰራጭቶ ነበር። ደጋፊዎች የሚያቀርቡት መልካም ሕግም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው፤ የግዳጅ ስጦታን ያስቀረው ንጉሥ በ1485 መንግሥቱ ሲናጥ ገንዘብ በብድር ስም በግድ ወደ መሰብሰብ ተመለሰ። የሄስቲንግስ ሞት ደግሞ በየትኛውም ንባብ ያለ ፍርድ የተፈጸመ ግድያ ነው፤ ከሞር ቢነበብም ከማንቺኒ ቢነበብም አይለወጥም።

በአስተዳደር በኩልም ክፍተት ነበር። አጽሙ ቢገኝ የት ይቀበራል የሚለው በቁፋሮው ፈቃድ ላይ ሌስተር ተብሎ ተቀመጠ እንጂ ከሌሎች ባለጉዳዮች ጋር አልተመከረበትም። ግኝቱ ሲታወቅ የዮርክ ደጋፊዎችና የሩቅ ዘመዶች ነን ያሉ ሰዎች ተቃወሙ፤ ጉዳዩ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሶ በሜይ 2014 ውድቅ እስኪሆን ድረስ ቀብሩ ዘገየ። ንጉሡ በሌስተር ካቴድራል የተቀበረው ማርች 26 ቀን 2015 ነው።

## ለሌላ ጉዳይ የሚተርፍ

ስም እንደ አንድ ጥቅል ሲመረመር ውጤቱ ከውግዘት ወደ ውዳሴ መገልበጥ ብቻ ይሆናል። እዚህ ሥራው የተራመደው ክሱ ሲበተን ነው፤ ጀርባው፣ ክንዱ፣ ሕጎቹ፣ ክላረንስ፣ ሚስቱ፣ ሄስቲንግስ፣ ልጆቹ፣ እያንዳንዱ ለብቻው፣ እያንዳንዱ ከሚመለከተው ማስረጃ ጋር። ከተበተነ በኋላ አንዳንዱ ክስ ወደቀ፣ አንዳንዱ ተስተካከለ፣ አንዳንዱ ጸና፤ አንዱ ነጥብ ላይ ነጻ መሆን በሌላው ላይ ምንም አልጨመረም፣ ምንም አልቀነሰም።

ምስክርንም በጅምላ መጣል እንደማያዋጣ ራውስና ቨርጂል ያሳያሉ። ጸሐፊው ለማን እንደጻፈ ማወቅ የሚጠቅመው የትኛውን ዓረፍተ ነገር ለጥቅሙ እንደጻፈ ለመለየት ነው። ለሄንሪ የሚጽፍ ሰው የሪቻርድን ጀግንነት ሲመሰክር ያ ምስክርነት ከወዳጅ ምስክርነት ይከብዳል፤ ስለ ክፋቱ ሲናገር ግን ሌላ ምስክር ያስፈልጋል። በዚሁ መመዘኛ የማኅበር ተሟጋቾች የጻፉትም ሊፈተሽ ይገባል፤ የአከርካሪውን መጣመም ለዘመናት የካዱት ማስረጃ ስለነበራቸው አልነበረም፤ መድረኩ የተሳለቀበትን ነገር ሁሉ መካድ ታማኝነት ስለመሰላቸው ነው።

የባለሙያዎቹ አጠያየቅ በተለይ ሊቀዳ ይገባዋል። ከትልቁ ጥያቄ ሳይሆን መልስ ሊገኝለት ከሚችለው ከትንሹ ጀመሩ፤ ንጉሡ ባይገኝ እንኳ ስለ ገዳሙ እውቀት ይቀር ነበር። ስም ለማደስ የሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከመደምደሚያው ስለሆነ መሀል ላይ የሚያገኘው ማስረጃ ደስ ካላሰኘው የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም።

## ያልተዘጋው መዝገብ

በ1674 በለንደን ግንብ አንድ ደረጃ ሲፈርስ የሁለት ልጆች አጥንት ተገኘ፤ ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ የልዑላኑ ነው ብሎ በዌስትሚንስተር ገዳም በእብነ በረድ ማኖሪያ አስቀመጠው። ብዙዎች ይህን ያመኑት ሞር ልጆቹ ከደረጃ ሥር ተቀበሩ ስላለ ነው፤ ሞር ግን ቀጥሎ አንድ ካህን አውጥቶ ማንም በማያውቀው ቦታ ቀበራቸው ይላል። በ1933 ማኖሪያው ተከፍቶ የተደረገው ምርመራ ዕድሜያቸው ከልዑላኑ ጋር ይቀራረባል አለ፤ ጾታቸውን እንኳ ግን አልለየም፣ ማንነታቸውንም እንደታወቀ አድርጎ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ለዲኤንኤ ምርመራ ፈቃድ አልተሰጠም።

በቅርብ ዓመታት ሁለት ተቃራኒ ሰነዶች ወጥተዋል። በ2023 የተሰራጨው የሊል ሰነድ በ1487 ለኤድዋርድ ልጅ ተብሎ የጦር መሣሪያ መገዛቱን ይገልጻል፤ ይህ ልዑሉ መትረፉን ያሳያል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን የሚያሳየው ደጋፊዎቹ ልዑል ነኝ የሚል ሰው ይዘው መዋጋታቸውን ብቻ ነው ባይ ነኝ። በሌላ በኩል በ1516 የተጻፈ የአንዲት ባለጸጋ እመቤት ኑዛዜ የወጣቱ ንጉሥ የኤድዋርድ አምስተኛ ሐብል በቤቷ እንደነበረ ያነሣል፤ እመቤቲቱ ደግሞ ሞር ገዳይ ብሎ ከሚከሰው ከጄምስ ቲረል ጋር በጋብቻ የተዛመደች ነበረች። ሐብሉ በየት በኩል እንደደረሳት ኑዛዜው አይልም።

የዌስትሚንስተሩ ማኖሪያ አንድ ቀን ቢከፈትና አጥንቶቹ ከሌስተሩ ዲኤንኤ ጋር ቢነጻጸሩ፣ የማይቶኮንድሪያው መስመር አይጠቅምም፤ ልጆቹ ያን የወረሱት ከእናታቸው ከኤልሳቤጥ ዉድቪል ነው። የአባት መስመሩ ከአጎታቸው ጋር ከገጠመ ማን እንደሆኑ፣ ጥርሶቻቸው ደግሞ በስንት ዓመታቸው እንደሞቱ በግምት ይነግሩን ይሆናል። ማን እንዳዘዘ ለማወቅ ግን ያኔም ቢሆን የ1483 እና የ1484 ወረቀቶችን ማገላበጥ ይቀጥላል።